ከጭፈራው ሳይወጡ መብሰል፦ የፔት ሾፕ ቦይስ አዲሱ ድምፅ ከየት መጣ?

ኪንግስ ሮድ በሚባለው የለንደን ጎዳና ላይ በነበረ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ በኦገስት 1981 ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጨዋታ ጀመሩ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ታሪክ አጥንቶ በአሳታሚ ድርጅት ውስጥ በአርታኢነት ይሠራ የነበረው የ27 ዓመቱ ኒል ቴናንት ሲሆን፣ ሌላው በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ክሪስ ሎው ነው። ያገናኛቸው የዳንስ ሙዚቃና የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ፍቅር ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፔት ሾፕ ቦይስ በሚለው ስማቸው በኤፕሪል 2024 «ነንዘለስ» የተሰኘውን አሥራ አምስተኛ የስቱዲዮ አልበማቸውን ሲያወጡ ቴናንት ሰባ ዓመት ሊሞላው የቀረው ጊዜ ከሦስት ወር ያነሰ ነበር። የአልበሙ ስም «የሆነ ሆኖ» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝ የአልበሞች ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ የገባ ሲሆን፣ ይህም ቡድኑ ከ1993 ወዲህ ያገኘው ከፍተኛው ደረጃ ነው።

አልበሙን ያደመጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተውለው የቫዮሊኖቹንና የሌሎቹን ባለ አውታር መሣሪያዎች ብዛት፣ የዜማዎቹን መርጋትና የግጥሞቹን ወደ ኋላ ተመልካችነት ነው። በዚህም ምክንያት «ቡድኑ በሰለ» የሚለው አስተያየት ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል። እኔም ቃሉን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ትክክለኛ ትርጉሙ እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ አይመስለኝም። ስለ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ዘፋኝ «በሰለ» ሲባል ብዙ ጊዜ «ጉልበቱ አነሰ» የሚለውን በጨዋ አነጋገር መሸፈኛ ነው። ሲንተሳይዘሩን ትቶ ኦርኬስትራ ፊት መቆም፣ ምቱን ማዘግየት፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሣት፣ እነዚህ ሁሉ የብስለት ምልክት ተደርገው ይወሰዳሉ። የፔት ሾፕ ቦይስን የአርባ ዓመት ሥራ በቅደም ተከተል ያደመጠ ሰው ግን ብስሉን ከጥሬው የሚለየው ሌላ ነገር መሆኑን ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ። ይኸውም ለጭፈራ በተሠራው ምትና ያለፈውን በሚያስታውሰው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ይህ እንዲገባን በመጀመሪያ ሲንት ፖፕ (በሲንተሳይዘር የሚሠራ ፖፕ) ከሌሎች የሙዚቃ ዓይነቶች ይልቅ ለእርጅና የማይመች የሆነበትን ምክንያት ማየት ያስፈልጋል። የብሉዝ ዘፋኝ ድምፁ ሲሻክር ክብሩ ይጨምራል፤ የጃዝ ተጫዋች በሰባ ዓመቱ ከሠላሳ ዓመቱ የበለጠ ይደመጣል። በእነዚህ ዓይነቶች ውስጥ ዕድሜ ሥልጣን ነው። ሲንት ፖፕ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋጋቸው እየወረደ በመጡ መሣሪያዎች ላይ የተመሠረተና አዲስነቱን እንደ ማንነቱ የያዘ ሙዚቃ ነበር። እኛ አገር በሠርግ ቤትና በምሽት ክበብ «ኪቦርድ» ብለን የምንጠራው መሣሪያ ቤተሰብ የሆነው ሲንተሳይዘር የተሠራበትን ዓመት በድምፁ ይናገራል። ሙዚቃ የሚከታተል ጆሮ በ1983 ወደ ገበያ የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ደወል መሰል ድምፅ ሲሰማ ዘመኑን ወዲያው ያውቀዋል። ከእንጨት የተሠራ ጊታር ስድሳ ዓመት ቢያልፈው ጊታር ነው፤ በዲጂታል መሣሪያ የተቀረጸ ድምፅ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላው «የዚያን ጊዜ» የሚል ስም ይወጣለታል። በዚህ ላይ ዘውጉ የተሸጠው በነጠላ ዜማ፣ በቪዲዮና በቴሌቪዥን፣ ለወጣት አድማጭ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሙዚቃ ስም ያወጡት ሰዎች ስድሳና ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ምን መምሰል እንዳለባቸው የሚያሳያቸው ቀዳሚ አልነበራቸውም።

ፔት ሾፕ ቦይስን የጠቀማቸው አንዱ ነገር ሲጀምሩም ልጆች አለመሆናቸው ነው። ቴናንት ከ1982 ጀምሮ «ስማሽ ሂትስ» በተባለው የፖፕ መጽሔት ውስጥ ሠርቷል፤ የዝነኞችን መውጣትና መውረድ ከውስጥ ሆኖ ተመልክቷል። ለመጽሔቱ ሥራ በ1983 ወደ ኒው ዮርክ በሄደበት አጋጣሚ ፕሮዲዩሰሩን ቦቢ ኦርላንዶን አገኘና የመጀመሪያው «ዌስት ኤንድ ገርልስ» በ1984 ወጣ። ዘፈኑ ከፕሮዲዩሰሩ ስቲቨን ሄግ ጋር እንደገና ተቀርጾ በጃንዋሪ 1986 በእንግሊዝ፣ በሜይ ደግሞ በአሜሪካ አንደኛ ሲሆን ቴናንት 31 ዓመቱ ነበር። ያ ዘፈን የጭፈራ ምት ያለው ቢሆንም ዘፋኙ አይጨፍርም። ቴናንት ግማሹን በንግግር ያለፈው፣ የቀረውን ቀጭንና ጥርት ባለ፣ ፈጽሞ በማይጮኽ ድምፅ ያዜመው፣ ከተማዋን ከመስኮት እንደሚመለከት ሰው ሆኖ ነው። የቲ. ኤስ. ኤልየት «ዘ ዌስት ላንድ» የተባለው ግጥም፣ ብዙ ድምፆች እየተቆራረጡ የሚሰሙበት ያ ሥራ፣ ለዘፈኑ አነሣሽ እንደሆነው ቴናንት ራሱ ተናግሯል። ሎው ደግሞ በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ከኪቦርዱ ኋላ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ካሜራውን ለመሳብ በሚታገልበት መድረክ ላይ ይህ አቋቋም ትልቅ ውሳኔ ነበር። የኋላው ብስለት ዘር እዚህ ላይ ተዘርቷል፤ ገና ከጅምሩ በምቱና በድምፁ መካከል ርቀት ነበረና።

ከ1986 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ቡድኑ በእንግሊዝ አራት ጊዜ አንደኛ ሆነ፤ «ዌስት ኤንድ ገርልስ»፣ «ኢትስ ኤ ሲን»፣ «ኦልዌይስ ኦን ማይ ማይንድ» እና «ሃርት»። በ1987 ደግሞ በ1960ዎቹ ገናና የነበረችውንና በዚያን ጊዜ ተዘንግታ የቆየችውን ዘፋኟን ዳስቲ ስፕሪንግፊልድን ጋብዘው አብረዋት ሠሩ፤ ዘፈኑ በአሜሪካም በእንግሊዝም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህን ምርጫ አሳልፌ መሄድ አልፈልግም። በዝናቸው ጫፍ ላይ የነበሩ የፖፕ ሙዚቀኞች ሃምሳ ዓመት የተጠጋችን ሴት ድምፅ የዘፈናቸው ልብ አድርገው ሲያስቀምጡ ዕድሜ በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ቦታ እንዳለው አስቀድመው እየተናገሩ ነበር። በ1988 «ዶሚኖ ዳንሲንግ» ከሰባተኛ ደረጃ በላይ ሳይወጣ ሲቀር ቴናንት ከፍተኛው ዘመናቸው ማብቃቱን ተረዳ። «የንጉሠ ነገሥታዊ ዘመን» ብሎ ለዚያ ከፍታ ያወጣለት ስምም ዛሬ ስለ ሌሎች ዘፋኞች ጭምር የሚነገር የተለመደ አባባል ሆኗል።

ወደ ዋናው መታጠፊያ የምንደርሰው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት አካባቢ ሌላው የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ዴፔሽ ሞድ «ቫዮሌተር» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ቴናንትና ሎው እንደቀኑበት በኋላ አልሸሸጉም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥልቀትና ጨለማ ሊኖረው እንደሚችል በተግባር አሳያቸው። እነርሱ ግን ቅናታቸውን ይዘው ወደ ሙኒክ ሄዱ። በዚያ ያገኙት ፕሮዲዩሰር ሃሮልድ ፋልተርማየር ከዲስኮ ፕሮዲዩሰሩ ከጆርጆ ሞሮደር ጋር የሠራና የቆዩ አናሎግ ሲንተሳይዘሮችን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የመረጡትም በዚሁ ዕውቀቱ ነው። ነገሩ ከቴክኒክ ያለፈ ነው። በዲጂታል መሣሪያ ላይ አንድ ኖታ መቶ ጊዜ ቢመታ መቶውም አንድ ዓይነት ነው። በአናሎግ መሣሪያ ላይ ግን ድምፁን የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ዑደት በሙቀትና በጊዜ ብዛት ጥቂት ጥቂት ከቅኝቱ ስለሚንሸራተት፣ ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሲያዙ በመካከላቸው እንደ ትንፋሽ ያለ መወዛወዝ ይፈጠራል። ያ መወዛወዝ ለጆሮ ሙቀት ሆኖ ይሰማል። በዘመኑ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ መሣሪያ ሲሮጥ እነርሱ ወደ አሮጌው ሄደው ድምፃቸውን ከዘመን ማኅተም አላቀቁት። «ቢሄቪየር» የተሰኘው ያ አልበም ዛሬ ሲደመጥ የ1990 ሥራ መሆኑ ጎልቶ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው አልበም ላይ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው አንጄሎ ባዳላሜንቲ የኦርኬስትራ ቅንብር ሠርቶላቸዋል፤ የአራት ሰዎች ቡድን የሆነው የባላኔስኩ ኳርቴት ባለ አውታር መሣሪያ ተጫውቷል፤ ጆኒ ማር ጊታር ይዟል። እንግዲህ ዛሬ በ«ነንዘለስ» ላይ አዲስ ነገር ተደርገው የሚቆጠሩት ቫዮሊኖች ከሠላሳ ዓመት በፊትም ነበሩ። ኳርቴቱ የሚሰማበት «ማይ ኦክቶበር ሲምፎኒ» የተባለው ዘፈን ዕድሜውን ሁሉ ለአብዮቱ ሲያቀናብር ኖሮ ዘመን ሲለወጥ የቀደመ ሥራውን ምን እንደሚያደርገው የጨነቀውን የአንድ ሶቪዬታዊ የሙዚቃ ደራሲ ሐሳብ የያዘ ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተሠራ በመሆኑ የዜና ያህል ትኩስ ነበር። እኔ ግን ዘፈኑን ሳደምጠው የሁለቱ እንግሊዛውያን የራሳቸው ጥያቄም ይሰማኛል። በወጣትነት የሠራነውን ሥራ ጊዜው ሲያልፍ ምን እናድርገው?

ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ልቆይበት የምፈልገው «ቢዪንግ ቦሪንግ» ነው። ርዕሱ «ሰልቺ መሆን» ማለት ነው፤ ሐሳቡ ግን ተቃራኒው፣ በወጣትነታችን አንዳችን ሌላችንን አሰልችተን አናውቅም የሚል ነው። መነሻው የአሜሪካዊቷ ጸሐፊ የዜልዳ ፊትዝጄራልድ አንድ አባባል ሲሆን፣ ጥልቅ ምክንያቱ ግን የቴናንት የልጅነት ጓደኛ በኤድስ መሞት ነው። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆኖ ሦስት ዘመናትን ያልፋል፤ መጀመሪያ የድሮ ፎቶግራፎችንና የ1920ዎቹን ጥቅስ የያዙ የግብዣ ወረቀቶችን፣ ቀጥሎ በ1970ዎቹ ከትውልድ ከተማ ሻንጣ ይዞ ወደ ለንደን የወጣውን ወጣት፣ በመጨረሻም በ1990ዎቹ ራሱን ያሰበውን ሆኖ ያገኘውንና አብረውት መሆን የነበረባቸው ግን አጠገቡ የሌሉትን ሰው። መግቢያው ላይ የሚሰማው እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ የፕላስቲክ ቱቦ በአየር ላይ ሲሽከረከር የተቀረጸ ነው። ከዚያ ምቱ ይገባል፤ ይህም ምት ሊያስጨፍር የሚችል፣ ቀለል ያለና የማያቋርጥ ነው። ስለ ሞት የሚናገር ዘፈን ሆኖ አንድ ጊዜ እንኳ አያለቅስም፤ ሙት የሚለውን ቃልም አያነሣም።

ለእኛ ጆሮ ይህን ስሜት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ትዝታ የቅኝቱም የስሜቱም ስም በሆነበት ሙዚቃ ያደገ ሰው የሄደው እንደማይመለስ እያወቀ የሚያዜምን ድምፅ ያውቀዋል። ልዩነቱ የእኛ ትዝታ ከሐዘኑ ጋር አብሮ የሚንጎራጎር መሆኑ ነው፤ «ቢዪንግ ቦሪንግ» ግን ሰውየው እያሰበ ምቱ ሳይጠብቀው ወደ ፊት ይሄዳል። ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በማዳመጫ ስሰማ የነካኝ ከግጥሙ ይልቅ ይህ ነበር። ምቱ ለማንም አያዝንም፤ ጊዜም እንዲሁ ነው። ድምፁ ግን በዚያ በማይቆም ምት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያያል። ብስለት ያልኩት ርቀት ሙሉ ቅርጹን ያገኘው እዚህ ነው። ዘፈኑ በነጠላ ሲወጣ በእንግሊዝ ከሃያኛ ደረጃ አላለፈም፤ ለቡድኑ በዚያን ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው «ቬሪ» በ1993 አንደኛ ሆነ፤ እስካሁንም ብቸኛው አንደኛ የወጣ አልበማቸው ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ አልባሳቱ የቅዠት ያህል፣ ምቱ ፈጣን ነበር። ከዚያ የተከተሉትን ዓመታት በዝርዝር ማየት ለተነሣንበት ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም። በ2001 የሙዚቃ ቴያትር ሠሩ፤ በሴፕቴምበር 2004 በለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ለተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ያዘጋጁትን ሙዚቃ ከድሬስደን ከመጣ ኦርኬስትራ ጋር በሕዝብ ፊት አቀረቡ፤ በ2011 ለባሌት፣ በ2014 ደግሞ ስለ ሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ ሕይወት ቢቢሲ ፕሮምስ ለተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሙዚቃ ጻፉ። ኦርኬስትራ ለእነርሱ የእርጅና መጦሪያ አለመሆኑን እነዚህ ሥራዎች ያሳያሉ። ከጭፈራው ጎን ለጎን ሲማሩት የኖሩት ሌላ ቋንቋ ነበር።

ብስለትን በተሳሳተ መንገድ የፈለጉበትም ጊዜ ነበር፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ2002 «ሪሊዝ» በተባለው አልበም ላይ የዳንስ ምቱን በአብዛኛው ትተው ጊታርን ወደ ፊት አመጡ። ጆኒ ማር ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ሆኖም ጊታሩ ሲገባ ያ ርቀት ጠፋ። የተረጋጋ ድምፅ በተረጋጋ ሙዚቃ ላይ ሲቀመጥ የሚቀረው መረጋጋት ብቻ ነው፤ የሚጎትተውም የሚጎተተውም የለም። በ2012 የወጣውና በሎስ አንጀለስ ከአንድሩ ዶውሰን ጋር የተሠራው «ኢሊዚየም» ከዚህ ይሻላል። በውስጡ «ኢንቪዚብል» የሚባል፣ ዕድሜው የገፋ ሰው በሰዎች መካከል ቆሞ ማንም እንደማያየው የሚናገር ዘፈን አለ፤ በጣም የዘገየ፣ እንደ ጭጋግ የሳሳ፣ ለእኔ ከምርጥ ሥራዎቻቸው የሚመደብ ነው። «ዩር አርሊ ስታፍ» የተባለው ደግሞ ሰዎች በመንገድ ሲያገኟቸው «የድሮ ሥራችሁን እወደው ነበር» የሚሏቸውን ነገር ያነሣል፤ የታክሲ ሾፌሮች ለቴናንት ከሚነግሩት የተወለደ ነው። ግጥሞቹ ዕድሜን ፊት ለፊት ገጠሙት። የአልበሙ ሙዚቃ ግን ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ በመሆኑ አድማጩ በግማሹ ላይ ይደክማል። በእንግሊዝ ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ቆመ።

መልሳቸው ፈጣን ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013፣ ከቆዩበት ፓርሎፎን ከተባለው አሳታሚ ወጥተው በራሳቸው መለያ ስም «ኤሌክትሪክ»ን አወጡ። ፕሮዲዩሰሩ ስቱዋርት ፕራይስ ቡድኑን ወደ ንጹሕ የዳንስ ሙዚቃ መለሰው፤ በ2016 «ሱፐር»፣ በ2020 በአብዛኛው በበርሊኑ ሃንሳ ስቱዲዮ የተቀረጸው «ሆትስፖት» ተከተሉ። ሦስቱም ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሱ። ስልሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ወደ ክለብ ሙዚቃ ሲመለስ ወደ ልጅነት መመለስ ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን ዘመን ለ«ነንዘለስ» መንገድ የጠረገ አድርጌ ነው የማየው። ምቱን እንደገና ያገኙት በእነዚህ ሦስት አልበሞች ነውና። ምቱ ተመልሶ ባይመጣ ኖሮ ቫዮሊኑ የሚቆምበት መሬት አይኖረውም ነበር።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በእንቅስቃሴ ገደቡ ወቅት ሁለቱ ተለያይተው ቤታቸው ተቀመጡ፤ ቴናንት በኮምፒውተሩ ላይ ብቻውን የመጀመሪያ ቅጂዎችን መቅረጽ ተማረ፤ የሠራውን ለሎው ይልክለታል፣ ሎው ደግሞ የራሱን ጨምሮበት ይመልሳል። አርባ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጽፉ ለኖሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በሎው ምት ላይ የተመሠረተ ዘፈንና በቴናንት ብቸኝነት ውስጥ የተጀመረ ዘፈን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በአልበሙ ውስጥ አንዱ ተራኪ ብቻዬን ሆኜ ለምን እጨፍራለሁ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ነጠላ ዜማም ርዕሱ «ሎንሊነስ»፣ ማለትም ብቸኝነት ነው፤ ምቱ ግን የአደባባይ ጭፈራ ነው።

ሥራውን የጨረሱት ከጄምስ ፎርድ ጋር ነው። ፎርድ ራሱ ከዳንስ ሙዚቃ የመጣ፣ አርክቲክ መንኪስና ብለር ከተባሉት የሮክ ቡድኖች ጋር የሠራ፣ በ2023 ደግሞ የዴፔሽ ሞድን «ሜሜንቶ ሞሪ» ያዘጋጀ ሰው ነው። ምርጫው ትርጉም አለው። በ1990 ያስቀናቸው ቡድን በሜይ 2022 አባሉ አንዲ ፍሌቸር ሲሞትበት ሁለት ሰው ሆኖ ቀርቷል፤ ያንን ሐዘን በድምፅ እንዲይዝ የረዳው ሰው አሁን እነርሱ ጋር መጣ። ፎርድ በ«ነንዘለስ» ላይ ያደረገው ትልቁ ነገር መቀነስ ነው። ድራም ማሽኑ አለ፣ ሲንተሳይዘሩ አለ፣ ነገር ግን አየሩ በድምፅ አልተሞላም። ኦርኬስትራው የሚገባው ሲንተሳይዘሩ በተወው ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ ጌጥ ሆኖ አይንጠለጠልም። ማሽኑ ጊዜውን ይቆጥራል፣ ቫዮሊኖቹ ደግሞ የሰውየውን ልብ ይከተላሉ። ያ በ1986 በድምፅና በምት መካከል ብቻ የነበረው ርቀት አሁን በመሣሪያዎቹም መካከል ተዘርግቷል።

ግጥሞቹ በሰዎች የተሞሉ ናቸው። «ዳንሲንግ ስታር» በ1961 ፓሪስ ላይ ከሶቪዬት ጠባቂዎቹ አምልጦ በምዕራብ አገር የቀረውን የባሌት ተወዛዋዥ ሩዶልፍ ኑሬየቭን ያነሣል። ስለ ነፃነት የተዘፈነ ደስ የሚያሰኝ ዜማ ነው፤ ኑሬየቭ በ1993 በኤድስ መሞቱን የሚያውቅ አድማጭ ግን ከደስታው በታች ሌላ ነገር ይሰማዋል፣ በ«ቢዪንግ ቦሪንግ» ያልተነሣው ቃል እዚህም አልተነሣምና። «ኤ ኒው ቦሂሚያ» ደግሞ በዕድሜ የገፋ ሰው በወጣትነቱ የነበረበት የአርቲስቶች ዓለም አሁን የት እንዳለ የሚፈልግበት ነው። ሰውየው ያለፈው ይመለስልኝ አይልም፤ አዲሱ የት ነው ያለው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ለእኔ ከአልበሙ ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው፣ ዕድሜን የሚያነሡ ብዙ ዘፈኖች ወደ ኋላ ብቻ ሲያዩ ይህ ወደ ፊትም ያያልና። «ኒው ለንደን ቦይ» ላይ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ቴናንት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን የደረሰውን ወጣት ራሱን ያስታውሳል፤ መሐል ላይ ዜማውን አቁሞ ልክ በ«ዌስት ኤንድ ገርልስ» እንዳደረገው በንግግር ያልፈዋል። ድምፁ ያው ነው፤ ከመስኮት የሚመለከታት ከተማ ግን አሁን በትዝታው ውስጥ ናት።

ይህን ጥያቄ የተጋፈጡት እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ የዘመን ጓዶቻቸውም በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል። ዴፔሽ ሞድ ሐዘንን ዋና ጉዳዩ አደረገ። የሁለት ሰዎች ቡድን የሆነው ኢሬዠር በ2017 ምቱን አዘግይቶ ስለ ዓለም ሁኔታ የተጨነቀ አልበም ሠራና በ2020 ወደ ጭፈራው ተመለሰ፤ ከሁለቱ አንዱ የሆነው ቪንስ ክላርክ ደግሞ በ2023 በአብዛኛው ዘፈን የሌለበት የግል አልበም አወጣ። ሶፍት ሴል የተባለው ሌላው የሁለት ሰዎች ቡድን በ2022 ከራሳቸው ከፔት ሾፕ ቦይስ ጋር አንድ ዘፈን ሠርቷል፤ የሶፍት ሴሉ ዴቭ ቦል በ2025 በማረፉ ያ ዘፈን ዛሬ ሲሰማ ክብደቱ ጨምሯል። እነዚህ ሁሉ የሚከበሩ ሥራዎች ናቸው። ጭፈራውንና ትዝታውን በአንድ ዘፈን ውስጥ፣ አንዱን ለሌላው ሳይሠዉ ለአርባ ዓመት ይዘው የቆዩትን ግን ከፔት ሾፕ ቦይስ በቀር ለመጥቀስ እቸገራለሁ።

በ«ነንዘለስ» ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞም አለ። ባለ አውታር መሣሪያ ለአድማጭ ቶሎ የሚገባ የክብር ምልክት ስለሆነ ደካማ ዜማን ሊሸፍን ይችላል፤ በአልበሙ ሁለተኛ ክፍል ላይ ይህ የሚሰማባቸው ቦታዎች አሉ። ከ«ኤሌክትሪክ» ጉልበት ጋር ፍቅር የያዛቸው አድማጮች አንድ ነገር እንደጎደለ ቢሰማቸው አልፈርድባቸውም፤ የሎው እጅ ከቀደሙት ሦስት አልበሞች ይልቅ እዚህ ላይ ወደ ኋላ ብሏል። ብስለት ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁለቱም ከፋይ ናቸው፣ ነገር ግን ዋጋው ለሁለቱም እኩል አይደለም።

ሌላው ጫና የገበያው ነው። ከአንጋፋ ቡድን የሚፈለገው አዲስ ሥራ ሳይሆን የድሮው ነው። ፔት ሾፕ ቦይስም በሜይ 2022 «ድሪምወርልድ» የተሰኘውንና በታወቁ ዘፈኖቻቸው ላይ ብቻ የተመሠረተውን የመድረክ ዝግጅት ጀምረዋል፤ በ2023 ደግሞ 55 ነጠላ ዜማዎቻቸውን በአንድ ላይ አውጥተዋል። ይህን አይቶ አዲሱ ድምፅ ለአልበም ብቻ የተተወ፣ መድረኩ ግን ለትናንት የተሰጠ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መድረኩ የሚዘጋበትን ሁኔታ ማየት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሌሎቹ አንደኛ የወጡት ዘፈኖች ሁሉ ካለፉ በኋላ ሁለቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሰው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ «ዌስት ኤንድ ገርልስ» ይሰማል፣ አዳራሹ አብሮ ያዜማል። ከእርሱ በኋላ፣ ታላላቅ ዘፈኖች ብቻ በሚቀርቡበት ምሽት ማብቂያ ላይ የሚመጣው በ1990 ሃያኛ ደረጃ ላይ የቀረው «ቢዪንግ ቦሪንግ» ነው። ዘፈኑን ሲጽፍ ሠላሳዎቹን ያልጨረሰው ሰው ሰባ ዓመቱን ይዞ ያዜመዋል፤ ሎው እንደ ጥንቱ ከኪቦርዱ ኋላ ቆሟል፤ ምቱም በ1990 በነበረበት ፍጥነት ይሄዳል።